አይዞሽ አትበሏት

ውሻዋን የወሰድኳት ለማውራት ነበር፤ ውሻዋ ግን ንግግር ትፈራለች። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በ2094 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ግድግዳው ለሁለተኛ ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ቤቱ ውስጥ በቀን ስምንት መቶ ቃል፣ አጠገቡ ለሚተነፍስ ነገር መናገር አለበት። የእኔ የወሩ አማካይ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር፤ እሱም የቧንቧ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ስለመጣ ነው። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የለም። ከሁለተኛው በኋላ ሁለት ወር ይሰጣል፤ ካልተሻሻለ ተከራዩ ወደ ጋራ ፎቅ ይዛወራል። ጋራ ፎቅ ውስጥ አንዱ ክፍል ስድስት አልጋ አለው።

ሕጉ በክፋት የወጣ አይደለም። በ2078 ክረምት በየብሎኩ ብቻቸውን ሞተው ሳምንታት የቆዩ ሰዎች ተገኙ። እኔ በምኖርበት ብሎክ ዐሥራ ሦስት ብቻ ዐሥራ አንድ ነበሩ። ማንም በር አላንኳኳም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግድግዳዎቹ ማዳመጥ ጀመሩ።

ይህን ከብዙ ሰው በተሻለ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳን ተማርኩ፣ ከዚያ በአቤቱታ ሰሚነት ተቀጠርኩ። ሰዎች "ቃሌ አልተቆጠረልኝም" ብለው ሲያመለክቱ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ እወስናለሁ። ማጉረምረም አይቆጠርም። አንድን ቃል ከሦስት ጊዜ በላይ መደጋገም አይቆጠርም። የስልክ ወሬ አይቆጠርም። ጸሎት አይቆጠርም፤ ሰሚው እንደሚተነፍስ ማረጋገጥ አልተቻለም። ከእንስሳት ውሻ ሙሉ ይያዛል። ድመት መስማቷ ስለሚያጠራጥር ግማሽ ናት። ዶሮ ድሮ ይያዝ ነበር፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ለዶሮው በየቀኑ ሁለት ሰዓት አሮጌ ጋዜጣ ሲያነብላት ከከረመ በኋላ ቀረ። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አሁን ጋራ ፎቅ ነው።

ስለዚህ ውሻ እንደሚያስፈልገኝ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

መጠለያው ከለገዳዲ ወዲያ ነው። የጎዳና ውሻ የሚባል ነገር ከከተማው ጠፍቷል፤ ከየፍርስራሹ የሚለቀሙት ጥቂቶች እዚያ ይገባሉ። ጠባቂው መኩሪያ ይባላል። ወፍራም፣ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው። እኔ የምመለስበት አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

"የራስሽ እንድትሆን ነው ወይስ በአደራ?" አለኝ።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"የራስሽ እስክትሞት ነው። አደራ ስልሳ ቀን ነው። በስልሳ ቀን ውስጥ ቤት ትፈልጊላታለሽ፤ በሰው ወይም በድርጅት ስም ታስመዘግቢያታለሽ።"

"ባላገኝስ?"

"ትመልሻታለሽ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ትሸኛለች" አለ፤ እጁንም በሱሪው ጠረገ።

መሸኘት ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኛም ሥራ ቦታ እንዲህ ዓይነት ቃላት አሉን። አደራ መረጥኩ። ስልሳ ቀን አማካዬን ለማንሳት ይበቃኛል፤ ከዚያ ሌላ እወስዳለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ወደ መጨረሻው ፍርግርግ ወሰደኝ። የገለባ መልክ ያላት፣ አንድ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ ውሻ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ ቆማለች። አንገቷ ላይ ዐርባ ሰባት የሚል ቁጥር ተንጠልጥሏል።

"ይቺ አትናከስም፣ አትጮህም፣ አትመጣም።"

"እሷን ልውሰድ።"

"ሌሎቹን ሳታዪ?"

"ማየት ምን ያደርግልኛል? ጆሮ አላት አይደል?"

መኩሪያ ትንሽ አየኝ። "አላት" አለ። "ችግሩም እሱ ነው።"

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ፈረምኩና ሮጥኩ።

ቤቴ ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት። ውሻዋን መሬት ሳስቀምጣት ጠረጴዛው ሥር ገብታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ተንበረከኩና "አይዞሽ" አልኳት። ለሚንቀጠቀጥ ነገር ሰው ሌላ ምን ይላል? እናቴ ለወደቀ ሕፃንም፣ ለታመመች ላምም፣ በዝናብ ለተያዘ መንገደኛም የምትለው ይህንኑ ነበር።

ውሻዋ አልጮኸችም። ሆዷ ወለሉን እስኪነካ ተለጠፈች፤ ሽንቷ አመለጣት፤ ከዚያ በማቀዝቀዣውና በግድግዳው መካከል ያለውን ጥግ በሁለት እጆቿ ትቆፍር ጀመር። ጥፍሯ ደማ። ግድግዳው በዚህ መሐል ተናገረ።

"ጎበዝ ኤልዳና! ጀምረሻል። ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቃል ይቀርሻል። አይዞሽ!"

ግድግዳው አንቺ ነው የሚለኝ። ማን እንደፈቀደለት አላውቅም። ድምፁ የአንዲት ሴት ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ፈገግ እያለች የምትናገር የምትመስል። ሊፍቱም፣ አውቶቡሱም፣ ክሊኒኩም በእሷ ድምፅ ነው የሚናገሩት። ውሻዋ ድምፁን ስትሰማ መቆፈሯን ተወች። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ ጠበቀች።

ዘጠኝ ቀን ታገስኩ። ጥግ ላይ ለተወሸቀችው ውሻ የአየር ሁኔታ፣ የማብሰያ መመሪያ፣ የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ አነበብኩላት። በየመቶው ቃል ግድግዳው "መቶ!"፣ "ሁለት መቶ!" እያለ ያበረታታኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ "ደህና ነሽ? ዝም ብለሻል፤ አይዞሽ" ይላል። ብናገርም ይናገራል፤ ዝም ብልም ይናገራል። በዘጠኙ ቀን አንድም ቀን ከስምንት መቶ አልጎደልኩም። ውሻዋ ሁለት ኪሎ ቀነሰች።

ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ለእኔ ሠርቷል፤ ለእሷ አልሠራም። ብትሞትብኝ የሚቆጠርልኝም ነገር የለም። ስለዚህ ቶሎ ቤት ልፈልግላት ወሰንኩ።

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ትህትናና ያብስራ የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች አሉ። ሁለት ሰው ያለበት ቤት ቃል አይቆጠርበትም፤ ግድግዳቸው ጠዋትና ማታ ሰላም ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። ውሻ እንፈልጋለን ብለው መግቢያው ላይ ለጥፈው ነበር። በዐሥረኛው ቀን ሰጠኋቸው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ትህትና በሬ ላይ ቆመች፤ ውሻዋን በልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ይዛታለች።

"እኅቴ፣ ይቺ ውሻ ታማለች።"

"ምን አደረገች?"

"ምንም አላደረገች! እሱ አይደል እንዴ? ከማጠቢያ ማሽኑ ኋላ ገብታ አልወጣም አለች። እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ወለል ላይ ተኝቼ 'አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ እናቴ' ስላት ዋልኩ። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ያብስራ ላውጣሽ ብሎ ቢያቅፋት ሽንቷን ለቀቀችበት። እሱ ደግሞ ታውቂያለሽ አይደል፣ ነጭ ሱሪ..."

"ምን እያላት ነው ያቀፋት?"

"ምን ይበላት? አይዞሽ ነዋ!" ቅርጫቱን ሰጠችኝ። "ይቅርታ አድርጊልኝ። ልቤ ተሰበረ።"

ልቧ የተሰበረ አይመስልም ነበር። ደክሟት ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ ቃል መስማት ሥራዬ ነው። መኩሪያን ደወልኩለት።

"አይዞሽ አላችኋት?" አለኝ ነገሩን ከጨረስኩለት በኋላ።

"ታዲያ ምን እንበላት?"

"መልቀሚያ መኪናው ሰፈር ሲገባ ይናገራል። ውሾቹ እንዳይደነግጡ ተብሎ ነው። 'አይዞህ፣ አይዞሽ' ይላል፤ ወንዱን ከሴቷ ስለማይለይ ሁለቱንም ይላል። ከዚያ መረቡ ይወድቃል። እሷ ሦስት ጊዜ አምልጣለች። ቡችሎቿ አላመለጡም።"

"በማን ድምፅ ነው የሚናገረው?"

"በዚያችው ሴትዮ ነዋ! ሌላ ድምፅ አለ እንዴ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጆሮ አላት ወይ አልሽኝ። አላት፣ ችግሩም እሱ ነው አልኩሽ። አውቶቡስ አመለጠኝ ብለሽ ሮጥሽ።"

እውነቱን ነው። ስልኩን ዘጋሁ።

በዚያው ቀን የደረጃውን በር ከፈትኩ። ሊፍቱ ይናገራል፤ እስከዚያ ድረስ ውሻዋን ለሽንት የማወርዳት ጆሮዋን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነበር። ደረጃውን ማንም አይጠቀምበትም። በሩ ሲከፈት የሲሚንቶና የአቧራ ሽታ ወጣ። ደረጃ መኖሪያ ክፍል ስላልሆነ ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ነው። ውሻዋ ደፉ ላይ ቆማ ብዙ አዳመጠች። የምትሰማው ነገር አጣች። ከዚያ ሁለት ደረጃ ወርዳ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እኔም ከላይዋ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሥራዬን እዚያው መሥራት ጀመርኩ። አንዳንዴ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ የሰማሁትን እነግራታለሁ፤ የአንዱን አመልካች ንፍጥ መሳብ፣ የሌላዋን ከገዛ ውሻዋ ጋር መጣላት። ስለ ዶሮው መምህርም ነገርኳት። ሰውየው ጋዜጣውን ሲጨርስ "እንግዲህ ደህና እደሪ፣ ነገ ስፖርቱን እናያለን" ይላት ነበር። ያንን ክፍል በውሳኔው ላይ አልጻፍኩትም፤ አስፈላጊ አልነበረም። ለውሻዋ ግን ነገርኳት። አይዞሽ እንዳልላት ብዙ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ጥርሴ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። ይህ ቃል በአፋችን ውስጥ ምን ያህል ቅርብ እንደተቀመጠ የሚያውቀው የከለከሉት ሰው ብቻ ነው።

በየቀኑ ትንሽ ወረድን። ሃያ ስምንተኛው፣ ሃያ አራተኛው፣ ዐሥራ ዘጠነኛው። መብላት ጀመረች፤ እኔ ፊቴን ካዞርኩ ብቻ። እኔ በሕይወቴ የዚያን ያህል አውርቼ አላውቅም፤ በቀን ሁለት ሺህ ቃል ሳይሆን አይቀርም። አንዱም አልተቆጠረም። ቤት የምገባው ለመተኛት ነበር፤ ውሻዋም ብርድ ልብሷን ተከናንባ ጥጓ ላይ ታድራለች። ግድግዳው ዐሥራ ሁለት፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ሪፖርት ያደርጋል። አቤቱታ ላቀርብ እችል ነበር። ፋይሉ የሚመጣው ግን እኔው ዘንድ ነው፤ ውሳኔውንም በቃሌ አውቀዋለሁ፦ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ የተነገረ ንግግር አይያዝም።

ቤት መፈለጌንም አልተውኩም። የሚናገር ግድግዳ የሌለው ቤት ያለው ሰው እፈልጋለሁ ብዬ አስነገርኩ። ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁበት።

በዐርባ አንደኛው ቀን ከመሬት በታች ደረስን። ብሎኩ ወደ ታች ሦስት ፎቅ አለው፤ መጨረሻው ላይ የመኪና ማቆሚያ ነበር፣ አሁን ባዶ ነው። ጥግ ላይ አንድ የብረት በር ገርበብ ብሏል። ውሻዋ ቀድማኝ ገባች።

"አንቺ ሌባ! ማን ግቢ አለሽ?" የሚል የሽማግሌ ድምፅ አስተጋባ።

ሮጬ ገባሁ። ተለጥፋ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። ውሻዋ መሐል ወለል ላይ ቆማ፣ ጆሮዋን አቁማ ሰውየውን ታየዋለች። ሰውየው መዶሻ ይዟል። እግሩ የተነቀለ አግዳሚ ወንበር እየጠገነ ነበር። ከኋላው እስከ ጣሪያው የተደረደሩ አግዳሚዎች፣ ጎረምሳ የሚታጠብባቸው የሚመስሉ ድስቶች፣ አንድ የታጠፈ ትልቅ ድንኳን፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥሩምባ አለ።

"ምን ታፈጥጫለሽ? የሚበላ የለም እዚህ" አላት።

ጅራቷ አንዴ ተወዛወዘ። አንዴ ብቻ።

ሰውየው ጋሽ ድንበሩ ይባላሉ። የጉቱ ሜዳ ዕድር ዕቃ ጠባቂና ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ጉቱ ሜዳ ብሎኩ ሳይሠራ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረ ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ለዕድሩ በምትክ ይህ ክፍል ተሰጠው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ እየነፉ በየመንደሩ እየዞሩ ያስታውቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ግድግዳው ያስታውቃል። ድንኳኑ ከተተከለ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሊፍት ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም የሚተከልበት ደጅ የለም።

"ያንቺ ናት?"

"የአደራ ናት።"

"ስሟስ?"

"ዐርባ ሰባት።"

"እሱ ቁጥር ነው። ስትጠሪያት ምን ትያታለሽ?"

"አልጠራትም። ብጠራትም አትመጣም።"

"እንግዲያው አትጥሩኝ በያት" አሉ፤ መዶሻቸውን አነሡ። "በእኛ ሰፈር ውሻ ስም የሚወጣለት ለጎረቤት ነበር። አጥር የምንጋራው ሰው ውሻውን 'ምን አገባችሁ' ብሎት፣ በጠራው ቁጥር ሰፈሩን በሙሉ ይሰድብ ነበር። እኔም አልቀረሁበትም፤ የእኔን 'አየንህ' አልኩት።"

ሳቅኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

"ጋሽ ድንበሩ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። አይዞሽ እንዳይሏት።"

ምክንያቱን ነገርኳቸው። መዶሻውን አስቀምጠው ሰሙኝ።

"እኔን ነው የምታስጠነቅቂው?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆሜ እገሌ ሞተ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የእኔ ሥራ ማስደንገጥ ነበር። አይዞህ ባዩ ከኋላዬ ነው የሚመጣው። አሁን ጭራሽ አይመጣም።" ከዚያ አዩኝ። "አንቺስ ዕድር አለሽ?"

"ግድግዳ አለኝ።"

"ስትሞቺ ግድግዳው ይሸከምሻል?"



ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወረድን። ጋሽ ድንበሩ ውሻዋን አንድም ቀን አልደባበሷትም፣ አልጎነበሱላትም። ሲገቡ "ሰነፍ፣ እስካሁን ተኝተሻል?" ይሏታል። ሲወጡ "ወንበሬን እንዳትበዪ፣ አውቅሻለሁ" ይሏታል። ምሳቸውን ሲበሉ ሩቡን ሳያዩዋት ወደ ጎን ይጥላሉ። በሳምንቱ ውሻዋ የታጠፈው ድንኳን ላይ ወጥታ ተኛች። ጎኗን ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ነበር የተኛችው። እኔ ከዐርባ ቀን በላይ ተጠቅልላ ብቻ ነበር የማውቃት። ምን ያህል ረዥም እንደሆነች አላውቅም ነበር።

የቀረው ምዝገባው ነበር። እሳቸው የሚኖሩት ከተማው ማዶ፣ ልጃቸው ቤት ነው፤ እዚያም ግድግዳ አለ። ውሻ ደግሞ የሚመዘገበው በሚያድርበት አድራሻ ነው።

"ዕድሩ ድርጅት ነው?" አልኳቸው በዐርባ ዘጠነኛው ቀን።

"ነበር።"

መዝገቡን አየሁ። አሁንም ነው። ማንም ሊሰርዘው ትዝ አላለውም። ንብረት ሊይዝ ይችላል፤ አድራሻው ይህ ክፍል ነው። ክፍሉ መኖሪያ ስላልሆነ ግድግዳ አይገባለትም። ሕጉ ላይ ያገኘሁት ብቸኛ ቀዳዳ ይህ ነበር።

ጋሽ ድንበሩ ራሳቸውን እከክ እከክ አደረጉ። "ውሻን ከድስት ጋር ልንጽፋት ነው?"

"ከድንኳኑ ጋር።"

"ጉባኤ ይወስናል። እኔ ጥሩምባ ነፊ ነኝ።"

ጉባኤው በቀጣዩ እሑድ ተሰበሰበ። የቀሩት አባላት ሰባት ናቸው። አባል ስላልሆንኩ ከውሻዋ ጋር ውጭ፣ ባዶው መኪና ማቆሚያ ላይ ጠበቅኩ። በሩ ስላልተገጠመ ሁሉም ይሰማ ነበር።

"ውሻ ዕድር ውስጥ? እንግዲህ ስትሞት ድንኳን ልንተክልላት ነው?" አለች አንዲት አሮጊት።

"እማማ ጠለላ፣ ለአንቺም የምንተክልበት ቦታ የለንም እኮ!"

"አፍህን ዝጋ አንተ! እኔን ትቀብራለህ እንጂ..."

"ማን ያበላታል?" አለ ሌላው።

"ተራ እናወጣለን። ድሮ ማን ያበላቸው ነበር? የማንም ነበሩ፤ ማንም ያበላቸው ነበር።"

አምስት ለሁለት አለፈ። ውሻዋ ክርክሩን ሁሉ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠችው። አልተንቀጠቀጠችም። ሰው ሲጨቃጨቅ አትፈራም።

ከዚያ እንደ ዕድር ወግ አንድ በአንድ እየወጡ ጨበጡኝ። እማማ ጠለላ መጨረሻ ወጡ። አጭር ናቸው፤ በምርኩዛቸው የጫማዬን ጫፍ ነኩት።

"አንቺስ ልጄ? ውሻሽ ገብታ አንቺ ውጭ ትቀሪያለሽ? ግቢ እንጂ። ሰው አለቀብን፤ የመጨረሻዋን ማን ይቀብራል?"

መልሱን አውቀው ነበር። መልሱ እገባለሁ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ፈጥኖ አፌ ላይ የደረሰ መልስ አላስታውስም። ግን ለአዲስ አባል ብሎክ ዐሥራ ሦስት ውስጥ መኖር ግድ ነው።

"አዛውረውኛል" አልኳቸው። "ዓርብ ደብዳቤው ደረሰኝ። ከአቃቂ ማዶ፣ ጋራ ፎቅ። በዚህ ሳምንት እወጣለሁ።"

"ለምን?"

"ቃል ጎድሎብኝ።"

እማማ ጠለላ አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸው ወደ ትከሻዬ መጣ። "አይዞ..."

"እህ! እህ!" አሉ ጋሽ ድንበሩ ከኋላቸው፣ በጣታቸው ውሻዋን እያሳዩ።

እማማ ጠለላ ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቃሉን ዋጡት። ለእኔ ሊባል የነበረውን ቃል ማለቴ ነው። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ምርኩዙ ተመለሰ። ሁላችንም ውሻዋን አየናት። ምንም አልሰማችም፤ ጆሮዋን እያከከች ነበር።

"ደግ" አልኩ። "ደግ ነው።"

በስልሳኛው ቀን ውሻዋንና ብርድ ልብሷን ይዤ ወረድኩ። የምዝገባው ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፦ አትጥሩኝ፣ የጉቱ ሜዳ ዕድር ንብረት። ለመኩሪያ ፎቶውን ላክሁለት። "ትሸኛለች ብዬ ነበር" ብሎ መለሰ፤ ቀጥሎ ሌላ ጻፈ፦ "ሌላ ትወስጃለሽ?" ጋራ ፎቅ እንስሳ አይፈቀድም። አልመለስኩለትም።

ብርድ ልብሱን ድንኳኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ውሻዋ አሸተተችውና ትታው ሄደች። የእኔን ቤት ይሸታል።

"አንቺ አትጥሩኝ!" አሉ ጋሽ ድንበሩ ከጥጉ፣ ቅንጣቢ ሥጋ ይዘው። "ነይ ወዲህ፣ ሆዳም!"

ሄደች። ሮጣ አይደለም፤ ጎንበስ ቀና እያለች፣ ግን በጠሯት ስሟ ሄደች። እኔ በስልሳ ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ ጠርቻት አላውቅም፤ ስለዚህ ወደ እኔም ትመጣ እንደሆነ አላውቅም። ለመሞከር አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ያገኘችውን ቦታ ትታ ብትመጣ ምን አደርጋታለሁ?

"እሑድ እሑድ ብቅ በይ" አሉኝ ጋሽ ድንበሩ።

ከአቃቂ ማዶ እስከዚህ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከጋራ ፎቅ ለመውጣትም የአምስቱ አብሮ ነዋሪዎች ፊርማ ያስፈልጋል። "እሺ" አልኳቸው።

ሠላሳ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ሊፍቱን መስማት አልፈለግኩም። በመንገዴ ላይ የተቀመጥንባቸውን ቦታዎች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ አቧራው ላይ የእሷም የእኔም ምልክት አለ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ቆሜ ተነፈስኩ። የሚሰማኝ ስለሌለ የምናገረውም አልነበረኝም።

ቤቴ ባዶ ነው። አንዱ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኮምፒውተሬን ልጨምር ጎንበስ ስል ግድግዳው ተናገረ።

"ኤልዳና፣ ዛሬ ምንም አልተናገርሽም። ይህ በዚህ ክፍል የመጨረሻ ቀንሽ ነው። አዲሱ ክፍልሽ ውስጥ አምስት ሰዎች እየጠበቁሽ ነው። አይዞሽ።"

ምን እንደሆንኩ ወዲያው አላወቅኩም። ሳየው ጀርባዬ ጥጉ ላይ ነው፤ በማቀዝቀዣውና በግድግዳው መካከል። ጉልበቴ ታጥፏል። እጄ የነካው ቦታ ሻካራ ነው፤ ቀለሙ ተፍቆ አራት አራት መስመር ሆኗል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ደም አለ። ጣቶቼ በመስመሮቹ ውስጥ ልክ ገቡ።

"ኤልዳና? ልብሽ በፍጥነት እየመታ ነው። አይዞሽ፣ መኪናው ታች ደርሷል። አይ..."

ሻንጣውን አንሥቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።